እናቴ ፍሎረንስ ላይ ጠፋችብኝ

ባለፈው ሰመር እናቴን ይዤ ፍሎረንስ ሄድኩ። እኛ በምንኖርባት ሊልበርን ለወተት እንኳን መኪና እናስነሳለን፤ እዚያ ግን ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች ሁሉም ቦታ በእግር ይደረሳል። አንድ ድልድይ ፎቶ አንስቼ ዞር ስል እናቴ የለችም! ስልኳ ሆቴል ነው፤ ቋንቋ አትችልም። በየጠባቡ መንገድ እየሮጥኩ ስፈልጋት ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። በኋላ አንድ አደባባይ ላይ፣ ከአንዲት ሐበሻ ሴትዮ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሲሳሳቁ አገኘኋቸው።

"እማዬ፣ ምነው እንዲህ ታስደነግጪኛለሽ?"

"ስንት ጊዜዬ ነው የሚያጫውተኝ ሰው ካገኘሁ!" አለችኝ።

ሴትዮዋን "ከየት ነው የመጡት?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ከአትላንታ፣ ከሊልበርን።"

"ሊልበርን የት ጋ?"

አድራሻቸውን ነገሩኝ። ለካ እስከዛሬ ጋራዡ ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ የማየው፣ ከፊት ለፊታችን ያለው ቤት ነው።