ለድምፄ የተተከለ ድንኳን

በዚህ አገር ታዋቂ የኦፔራ ዘፋኝ ለመሆን ብዙ መልፋት አያስፈልግም፤ ብቻህን መሆን ይበቃል። እኔ በረዶ አገር ለዓመታት ተምሬ ስመለስ ኦፔራ ቤት አልነበረም፣ ተወዳዳሪም አልነበረም፣ እውነቱን ለመናገር አድማጭም አልነበረም። ስለዚህ ወዲያው አንደኛ ወጣሁ። በዓል ሲደርስ ቴሌቪዥኑ ይጠራኛል፤ አንድ አሪያ፣ ማለትም ከኦፔራ የተቀነጨበች አንዲት ዜማ፣ አዜማለሁ፤ አስተዋዋቂዋ «በዓለም አቀፍ ደረጃ» የምትል ሐረግ ጣል ታደርግና ወደ በግ ተራ ዘገባ ትሻገራለች።

እንጀራዬ ግን ሬዲዮ ነው። የከሰዓት በኋላ ዝግጅቴን ስጀምር ሐሳቤ ሕዝቡን ኦፔራ ማስለመድ ነበር። አለቃዬ ሐሳቡን በጣም ወደደው። ከመውደዱ የተነሳ በትራፊክ መረጃና በሳሙና ማስታወቂያ መካከል ቦታ ሰጠኝ። ማስታወቂያውን የማነበውም እኔው ነበርኩ። ሳሙናው እየሰፋ፣ ኦፔራው እየጠበበ ሄዶ፣ ዛሬ ዓለም ገና ላይ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ባልኩ ቁጥር ሰው ሁሉ ዞሮ «ሳሙናው ነው» ይላል።

ባለሀብቶችም አልረሱኝም። ሱሉልታ የውሃ ፋብሪካ ሲመረቅ፣ ቡራዩ የብሎኬት ማምረቻ ሲከፈት፣ ሪባኑ ከመቆረጡ በፊት እኔ አዜማለሁ። ሁልጊዜ የማዜመው ያንኑ አንድ አሪያ ነው። ከሩቅ አገር የተመለሰ ልጅ፣ አባቱ ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ ሐዘኑም አልቆ ሲደርስ፣ በተዘጋ በር ላይ ቆሞ የሚያለቅሰው ለቅሶ ነው። በጣሊያንኛ ስለሆነ ምን ይላል ብሎ የጠየቀኝ የለም። የብሎኬቱ ባለቤት እንዲያውም እጄን ጨብጦ «ደስ የሚል ነገር ነው፣ ሞራል ይሰጣል» ብሎኛል።

ይህን አሪያ ያለ ምክንያት አልመረጥኩትም። አባቴ ሰበታ ዳር ጤፍና ሽምብራ የሚያርስ ገበሬ ነበር። እኔ ትምህርት ላይ ሳለሁ ሞተ። እናቴ ትምህርቱን ጥሎ ይመጣል ብላ ደበቀችኝ፤ በደወልኩ ቁጥር «እርሻ ወርዷል»፣ «ገበያ ሄዷል»፣ «ተኝቷል» ትለኝ ነበር። ጨርሼ በመጣሁ ማግስት፣ እንደ ወጉ፣ ሽማግሌዎች በማለዳ መጥተው አረዱኝ። አላለቀስኩም። እንባው መጣና ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ድንኳኑ ከፈረሰ ቆይቷል፣ ጎረቤቱም አልቅሶ ጨርሷል፤ እኔ ብቻዬን ከየት ልጀምር? ሰፈሩ ግን ፍርዱን ሰጠ። ፈረንጅ ሆኖ መጣ፣ ለአባቱ እንኳ እንባ የለውም ተባለ። ይህ ወሬ ከእኔ ይልቅ እናቴን በላት።

እናቴ ያን አሪያ እስከ መጨረሻው ሰምታልኝ አታውቅም። የታወቀው ዘፋኝ በልቡ የሚመኛት አድማጭ አንዲት ብቻ ነበረች፣ እሷም ሬዲዮና ቴሌቪዥን የምታጠፋ ሆነች። ገና አፌን ስከፍት «በቃ፣ በቃ፣ ልጄን አመመው» ብላ ትዘጋዋለች። ሳሙናውን ግን አንድም ቀን ዘግታው አታውቅም። «እሱ ላይ ድምፅህ ያምራል» ትለኛለች።

የቤት ኪራይ ከአዲስ አበባ ገፍቶ እናቴ ቤት ከመለሰኝ ወዲህ የምለማመደው መኪናዬ ውስጥ ነበር። መንገድ ዳር አቆማትና መስኮቱን ግጥም አድርጌ እዘጋለሁ። የሚያልፈው ሰው በስልክ ከሚስቴ ጋር የምጣላ ይመስለዋል። አንድ ቅዳሜ መኪናዋ ጋራዥ ገባች። በዚያው ቀን ደግሞ ሱሉልታ ውስጥ የአንድ ዘይት መጭመቂያ ምርቃት ነበረብኝ። እናቴ በማለዳ በባጃጅ ዓለም ገና ገበያ ሄዳለች። ቤቱ ባዶ ነው ብዬ ጓሮ ወጣሁና ደረቴን ሞልቼ ለቀቅሁት።

እኛ ሰፈር ሰው ከጓሮው በማለዳ እንዲያ ከጮኸ ትርጉሙ አንድ ነው። እናቴ ደግሞ ሳምንቱን ስታስል ከርማለች። ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላቸው ሐጂ ጩኸቱን ሲሰሙ ሱቃቸውን ገርበብ አድርገው የእድሩ ዳኛ ቤት ሮጡ። ዳኛው ለፋፊውን ላኩት። እኔ ልምምዴን ጨርሼ፣ ተጣጥቤ፣ ጥቁር የመድረክ ሱፌን ለብሼ ክራቫት ሳስር፣ በለፋፊው ሞንታርቦ ድምፅ ማጉያ የእናቴን ስም ሰማሁ። ከነክርስትና ስሟ ማረፏን ተናገረና እድርተኛው በሙሉ እንዲወጣ አዘዘ።

ሬዲዮ ላይ በየቀኑ «ወሬ ስትሰሙ መጀመሪያ ምንጩን አጣሩ» የምል ሰው ነኝ። ምንም አላጣራሁም። የጅማ መንገድ፣ ባጃጁ፣ አሸዋ የጫነው ገልባጭ መኪና በዓይኔ መጣብኝ። «እማዬ፣ እማዬ» እያልኩ ወደ በር ስወጣ ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ደርሷል። የተጠራጠረ ካለም ጥቁር ለብሼ ሲያየኝ ጥርጣሬው ለቀቀው። ዳኛው ራሳቸው ብብቴ ስር ገብተው ደገፉኝ።

«ጀባዱ ልጄ፣ ጀባዱ፣ በርታ» አሉኝ።

«የት ላይ ነው፣ ኦቦ ዳኛ? መኪና ነው?»

«እኛ ምን እናውቃለን። አልጋዋ ላይ አይደለም እንዴ?»

«ታዲያ ለእርስዎ ማን ነገረዎት?»

ዳኛው ወደ ሐጂ ዞሩ። ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ነሃ የነገርከን» አሉ ሐጂ። «ከጓሮ ጮህክ። ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ጩኸት ለእናት ካልሆነ ለማን ይጮሃል ብዬ ነው።»

ያመንኩት ወሬ ምንጩ እኔው ነበርኩ። ልምምድ ነው፣ ኦፔራ ነው፣ ማንም አልሞተም ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። «አይዞህ፣ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያደርጋል» እያሉ ፊቴ ላይ ውሃ ረጩብኝ። አንዲት ጎረቤታችን፣ እናቴን በአጥር ምክንያት ካኮረፈቻት የቆየች፣ ደግነቷን እየዘረዘረች ደረቷን ትመታለች። በዚህ መሐል ድንኳኑ ተተክሎ አለቀ። እንደ እድር ፈጥኖ የሚሠራ መሥሪያ ቤት በአገሩ አላየሁም።

ያን ጊዜ ባጃጅ ቆመ። እናቴ በፌስታል ሽንኩርት ይዛ ወረደችና በሯ ላይ ድንኳን አየች። ቤት ጥላው የሄደችው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ፌስታሉ ከእጇ ወደቀ። «ልጄን» አለች፣ ሌላ ቃል አልወጣትም። እየወደቀች እየተነሳች መጣች። የአልቃሾቹ ለቅሶ አፋቸው ላይ ቀረ። እኔ ሰውን ገፍቼ ሮጥኩ። መንገድ ላይ ተገናኘንና ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ትዳብሰኝ ጀመር፤ እኔም እሷን። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም፣ እንደዚያ ቀንም ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰው መሳቅ የጀመረው ቆይቶ ነው። እናቴ የሆነውን ስትሰማ መጀመሪያ ያደረገችው ድንኳኑን ዞራ ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ማየት ነበር። ያቺን ያኮረፈቻትን ጎረቤት ስታገኛት ሳመቻት። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ እናፍርሰው» አሉ። «ግን የእድር ድንኳን ተተክሎ ሳይለቀስበት ሲፈርስ ገደ ቢስ ነው።»

«ይለቀስበታላ» አለች እናቴ። ወንበር ስባ ፊት ለፊት ተቀመጠች። «አንተ፣ ያንን ጩኸትህን ጨርሰው። ሰፈሩን አስደንግጠህማ ዝም ብለህ አትሄድም።»

የዘይት መጭመቂያው ባለቤት ኪሴ ውስጥ ይደውላል። ስልኩን ዘጋሁትና ቆምኩ። ከለቅሶ ድንኳን ማንም በመሐል ተነስቶ አይወጣም፤ በዚህ በኩል ከኦፔራ ቤት ይሻላል። ጀመርኩ። መሐሉ ላይ ስደርስ ያ ጉሮሮዬ ላይ የቆመው ነገር ተነቃነቀ። አስተማሪዬ ቢሰሙኝ ኖሮ ከመድረክ ያወርዱኝ ነበር፤ ድምፄ ተሰበረ፣ ትንፋሼ የት እንደሚወሰድ ጠፋኝ። ለአባቴ አለቀስኩ። በጣሊያንኛ፣ በክራቫት፣ በሰው ሁሉ ፊት አለቀስኩ። ስጨርስ ያጨበጨበ አልነበረም። ሐጂ በመሀረባቸው ዓይናቸውን ያብሳሉ።

እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ምን ይላል?» አለችኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት።

«አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። ሳይቀብረው የቀረ።»

ከዚያ ነጠላዋን አዘቀዘቀችና ወደ ጎረቤቶቿ ዞረች።

«ያስቀረሁት እኔ ነኝ» አለቻቸው። ቀጥሎም ወደ እኔ ተመልሳ «በል፣ ድንኳኑ ሳይፈርስ ለአባትህ አንድ ጊዜ ድገምለት» አለችኝ።