ወልደተንሣኤ ከዓደን ያመጣው ቃል

ሰው ባሕር ተሻግሮ ሲመለስ ጠመንጃ ያመጣል፤ ያጣ የነጣው እንኳ አንድ ጃንጥላ አያጣም። የአንኮበሩ ወልደተንሣኤ ግን ዓደን ላይ በአንድ እንግሊዝ ነጋዴ ቤት ስድስት ዓመት አገልግሎ ይዞ የመጣው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ አድሞኒሽ።

ትርጉሙን የጠየቀው ወዮለት። ሳይጮሁ፣ ሳይሳደቡ፣ ጥፋቱ ሳይብስ ሰውን በለዘብታ ማስጠንቀቅ ማለት ነው ይላል። ታዲያ ምክር አይደለም ወይ ሲሉት ራሱን ይነቀንቃል፤ ምክር ይሰለቻል፣ ተግሣጽ ያማል፣ አድሞኒሽ ግን እንደ ማር ይዋጣል። እንግሊዙ ይኸንኑ ማር በቀን ሰባት ጊዜ ያስውጠው እንደነበር ግን ለማንም አይናገርም።

አሁን ጠዋትና ማታ የምትውጠው ሚስቱ ለተጊዮርጊስ ነበረች። የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ሱፍ ስትፈትል እጇ ፈጣን፣ ነገር ላይ ግን ቁጥብ። ወጡ ጨው ሲያንሰው አድሞኒሽ፣ በሩን ገጭ ስታደርግ አድሞኒሽ፣ ከጎረቤት ጋር ስትስቅ ሣቋ ረዘመ ተብሎ አድሞኒሽ። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ ቢጮህባትማ ጎረቤት ሰምቶ በገላገላት። ከእንዲህ ያለ ለስላሳ ባል ተሳዳቢ ይሻላል፤ ተሳዳቢስ ሲደክመው ዝም ይላል።

በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት አኩርፋ አባቷ ቤት ገባች። የንስሐ አባታቸው መምሬ ገብረመንፈስቅዱስ ብርዱን ችለው ደብረ ብርሃን ድረስ ሄደው፣ ለምነው መለሷት። ባልና ሚስቱን አስቀምጠው ሲመክሩ፣ ወልደተንሣኤ ዝቅ ብሎ፣ በትሕትና፣ አባታችን ነገር ይደጋግማሉ ብሎ አድሞኒሽ አደረጋቸው። መምሬ ጭራቸውን አንስተው ተነሡ። በሩ ላይ ቆም ብለው፣ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ሲል መከራ ይምከረው» አሉ። ወልደተንሣኤ ለሌላ ሰው የተተረተ መስሎት ተረቱን ወደደው።

ከዚያ ወዲህ ለተጊዮርጊስ አላኮረፈችም። አብዱልሀሚድ የሚባል የአልዩ አምባ ነጋዴ በየሳምንቱ አሞሌ ጭኖ፣ በደጃቸው አድርጎ ወደ ደብረ ብርሃን ገበያ ይወጣል። በእሱ በቅሎ አንድ ሳምንት ሙዳይዋን፣ በሌላው የጥሎሽ ቀሚሷን፣ ከዚያ ሱፏን በአቁማዳ አድርጋ ወደ እናቷ ትልክ ጀመር። ወልደተንሣኤ ቤቱ ሰፋ ሰፋ ሲል አይቶ አመሰገናት። ከባሏ አፍ ምስጋና የሰማችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ነጋዴው ግን አላስቻለው። አንድ ቀን ወልደተንሣኤን ለብቻው ጠጋ ብሎ፣ «ጌታው፣ ከቤትዎ ዕቃ ስጭን ይኸው ሰባት ሳምንቴ» አለው። «ወላሂ፣ አንድም ቀን መልሰህ አምጣ የተባልሁት ዕቃ የለም።»

ከዚህ የለዘበ ማስጠንቀቂያ ዓደንም አይገኝ። ወልደተንሣኤ ግን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ ነጋዴ የሰው ጭነት መቁጠር እንደማያምርበት በፍቅር አስረዳው።

በስምንተኛው ሳምንት፣ ጉም በወረደበት ጠዋት፣ ለተጊዮርጊስ እንዝርቷንና የቀረ ልብሷን በአብዱልሀሚድ በቅሎ አስጭና፣ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ወጣች። በቃኝ፣ ከእንግዲህ አልመለስም አለችው። ይወዳት ነበርና አትሂጂ ሊላት አፉን ከፈተ። ዓይኑ ግን ከበቅሎዋ ላይ አረፈ፤ ዞር ዞር ብሎ ጭነቱን አየው።

«ለተዬ፣ በፍቅር ነው የምልሽ» አላት በለዘብታ። «ግራው ከብዷል። አቀበቱ ላይ ያዘምማል።»

ለተጊዮርጊስም ጭነቱን አየችው። ተመልሳ ገባችና፣ በእጇ ፈትላ ያሠራችውን፣ ሌሊት ሁለቱ አብረው የሚለብሱትን የሱፍ ባና አምጥታ በቀኝ በኩል አስጫነች።

«ይኸንን እንኳ ለእርስዎ ልተውልዎ ብዬ ነበር» አለችው። «ግን እንዳሉት ነው፣ ጭነቱ ያዘምማል።»

በቅሎዋ አቀበቱን ያዘች። ወልደተንሣኤ ደጅ ቆሞ ሲያይ ጭነቱ ግራ ቀኙ ተካክሎ፣ ንቅንቅ ሳይል ወጣ። ልክ ነበርሁ ብሎ ደስ ሊለው ሲል የአንኮበር ብርድ ያዘው።