ጭሱ አለ፣ ቤቱ የለም

ባንቺዓለም ኮን ከተማ ውስጥ የኮምፒውተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አላት። የሰው ማመልከቻ ስትጽፍ ትውልና ገበያው ሲቀዘቅዝ ነጻ ሶፍትዌር እያወረደች ትፈታትሻለች። ይህ አመል የያዛት ጎረቤቷ መምህር ሂሻም፣ ቫይረስ የጨረሰውን አሮጌ ላፕቶፗን ሊኑክስ የተባለውን ነጻ ሲስተም ጭኖ ካስነሣላት ወዲህ ነው።

«ይኼ እንደ ሌላው አይደለም፤ ጓዳው አይቆለፍም» ብሏት ነበር። «ገብተሽ ማየት፣ ያልወደድሽውን ማስተካከል ትችያለሽ።»

ጉም ከተማውን ውጦት ደንበኛ በጠፋበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በአማርኛ የምትሠራ ትንሽ የጽሑፍ ፕሮግራም አወረደች። የሌለ ፋይል ልትከፍት ስትሞክር፣ ፕሮግራሟ «ፋይሉ አልተገኘም» ማለት ሲገባት፣ «ጭሱ አለ፣ ቤቱ የለም» አለቻት።

ይህ የአባቷ የሀብተ ሥላሴ አነጋገር ነው። በግ ቢጠፋ፣ ማጭድ ቢጠፋ እንዲህ ነበር የሚሉት፤ ከእሳቸው ሌላ ሲል የሰማችው ሰው የለም። እሳቸው ደግሞ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ሳያዩ ነው ያረፉት።

ጓዳው ክፍት ነውና ገባች። የትርጉሙ ፋይል አናት ላይ የተርጓሚው ስም ተጽፏል፦ ደባሱ። የአባት ስም የለ፣ አድራሻ የለ።

ቤት ስትገባ እናቷ ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ምስር ይለቅማሉ።

«እማዬ፣ ደባሱ የሚባል ዘመድ አለን?»

የእናትየው ጣቶች ቆሙ። «ማን ነገረሽ?»

«ስሙን ጽሑፍ ላይ አየሁት።»

«ካንቺ በፊት የወለድኩት ነው። ክርስትና ሳይነሣ ሞተብኝ። ደባሱ ብሎ የጠራው አባትሽ ብቻ ነው፤ እሱም አንዴ፣ ስንቀብረው። ከዚያ ወዲህ ስሙ እዚህ ቤት ተነሥቶ አያውቅም።»

ሂሻም ሲነገረው ሳቀ። «ወላሂ፣ በአገሩ ስንት ደባሱ አለ! አባባሉንም ከሰው ሰምቶት ይሆናላ።» ልታምነው ሞከረች።

ፋይሉ ውስጥ ሳይተረጎም የቀረ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ፕሮግራሟ ልትዘጋ ስትል የምትጠይቀው። ባንቺዓለም «መዝጋት ይፈልጋሉ?» ብላ ተርጉማ ለፕሮግራሟ ሠሪዎች ላከችው። መልስ አልመጣም። ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ ገብስ ሲያሸት አዲሱ ዕትም ተለቀቀና ጫነችው። ሥራዋን ጨርሳ ልትዘጋ ስትል ጥያቄው መጣ። ቃሉ ግን የእሷ አልነበረም።

«ትተሽን ልትሄጂ ነው?»

ፕሮግራም ሰውን ሁሉ አንቱ ይላል እንጂ ሴት ለይቶ አይጠራም። ሂሻም የራሱ ላፕቶፕ ላይ ጭኖ ሞከረው፤ እሱንም «ልትሄጂ ነው?» አለው። ያን ጊዜ አልሳቀም። ላፕቶፑን አጥፎ፣ ቻው እንኳ ሳይላት ወጣ።

በማግስቱ እናቷን ሱቅ ድረስ ይዛቸው መጣችና ጥያቄውን አነበበችላቸው። አሮጊቷ ፊደል አይለዩም፤ ግን ስክሪኑን ብዙ አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉና፣ እሹሩሩ እንደሚሉት ሕፃን ቀስ ብለው፣

«አንሄድም፤ አለን» አሉት።

ባንቺዓለም «አይ» የሚለውን ተጫነች። ጥያቄው ጠፋ፤ ባዶው ገጽ ላይ ጠቋሚዋ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። እናትና ልጅ ቆመው አዩአት፤ ቀድማ ወደ በሩ ለመዞር ግን አንዷም አልደፈረችም።