ሳይመጣ የተከራከርኩበት ሄድፎን

በመጀመሪያ የተጠራልኝን ዋጋ ከፍዬ አላውቅም። ለመኩራራት አይደለም የምናገረው፤ አመል ሆኖብኝ ነው። አንድ ቀን ወደ ዱቦ ስሄድ የሚኒባሱ ረዳት ታሪፉን ሲነግረኝ፣ "የመጨረሻው ስንት ነው?" ብዬው ተሳፋሪው ሁሉ ስቆብኛል። ሳቁ አላሳፈረኝም፤ ያናደደኝ አለመቀነሱ ነው።

የማውቃቸው ሴቶች ለጊፋታ ቅቤ ሊገዙ ሲነሱ ከፊት የሚያስቀድሙኝም በዚሁ አመሌ ነው። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ በዚያ ሰሞን ከእንሰት የሚሠራው ሙቹዋ ቅቤ ካልጠገበ የቤቱ እመቤት ስም ዓመቱን ሙሉ ሲነሳ ይከርማል። ስለዚህ ወንዶቹ ለበሬው፣ እኛ ለቅቤው በየማኅበራችን እናጠራቅማለን። የእኛ ማኅበር ዘጠኝ ሴቶች አሉት። ቀኑ ሲቀርብ ወደ ቢጠና ወይም ወደ ቦምቤ ገበያ አብረን እንሄዳለን። እኔ ቅቤው የተጠቀለለበትን ኮባ ገልጬ አሸታለሁ፣ በጥፍሬ ቆንጥሬ እቀምሳለሁ፣ ፊቴን አጨፈግጋለሁ፣ ትቼ እሄዳለሁ። አሥር እርምጃ ሳልርቅ ይጠሩኛል።

ሌላው ሥራዬ ክርክር አይወድም። በሳምንቱ ቀናት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችንን ኳየር መዝሙር የምቀዳውና ድምፁን አመዛዝኜ የማዋህደው እኔ ነኝ። ሚክስ ማድረግ ይሉታል። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ይሠራ የነበረው ወንድም ተዛውሮ ወደ ሐዋሳ ሲሄድ፣ አጠገቡ ተቀምጬ ስመለከት የከረምኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ላፕቶፑና ሄድፎኑ እጄ ላይ ቀሩ። ከአዳራሹ ጀርባ ያለችውን የድሮ ዕቃ ቤት በር ዘግቼ፣ ከሠላሳ ሰው ድምፅ መካከል የአንዱን ትንፋሽ ለይቼ ስሰማ የሚሰማኝን ደስታ ለማንም ማስረዳት አልችልም። በዚህ ዕድሜዬ የእኔ ነው የምለውን ነገር ያገኘሁት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው።

ችግሩ ሄድፎኑ ነበር። ርካሽ ነው፤ የጆሮው ሽፋን ተላልጦ በፕላስተር ጠምጥሜዋለሁ። ያም ባልከፋ። የጎዳኝ ውሸታምነቱ ነው። ወፍራሙን ድምፅ ከልክ በላይ ያሳብጠዋል፤ እኔም በዛ እያልኩ እቀንሳለሁ። ከዚያ በእኔ ጆሮ ያማረው መዝሙር በሰው መኪና ወይም በሰው ስልክ ሲከፈት ወንዶቹ የሉም። ከሁለት ዓመት በፊት ያወጣነው መዝሙር እንደዚያ ሆኖ ቀረ። ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዝ የሚዘምሩት ወንድሞች በሰላምታ ቁጥር ምን እንደበደሉኝ ይጠይቁኝ ነበር፤ እየሳቁ ነው የሚጠይቁኝ፣ ግን ይጠይቁኛል።

ባለፈው ዓመት ለጊፋታ በወላይትኛ አሥር መዝሙር ልናወጣ ስንነሳ የመዝሙር ክፍሉ ተሰብስቦ መከረ። ሰብሳቢው በለሰለሰ አንደበት ውሳኔውን ነገሩኝ፤ አንድ ዕድል ይሰጠኛል፣ ሥራዬ ከበፊቱ ካልተሻለ ግን ሁሉም ወደ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ይሄዳል፣ ከዚያ ወዲያም እዚያው ይሠራል። "አንቺም ታርፊያለሽ" አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ማረፍ ማን ፈለገ?

የአዲሱን ሄድፎን ወሬ የሰማሁት በዚያው ሰሞን፣ በሰኔ ነው። አንድ ስመ ጥር ኩባንያ በነሐሴ ሊያወጣው ነው፤ ድምፁን ሳያሳብጥ፣ ሳያሳንስ፣ እንዳለ ያሰማል ይባላል። ያየው ሰው የለም፤ የሚያወራለት ግን ብዙ ነው። በምሳ ሰዓት በስልኬ የምከታተላቸው ፈረንጆች ባልነኩት ዕቃ ላይ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ይከራከራሉ። አንዱ ካለፈው ይወደዳል ይላል፣ አንዱ ተወዳዳሪ ስለመጣበት ይረክሳል ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ሾልኮ ወጣ ያለውን የዋጋ ወረቀት ያሳያል። እኔም ከዋጋው ጋር ስወጣና ስወርድ ከረምኩ። ሁሉንም በልቤ ወደ ቅቤ እመነዝረዋለሁ፤ ይህን ያህል ኪሎ፣ አይ፣ ይህን ያህል።

በመናኸሪያው መንገድ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው ሰው የክፍል ጓደኛዬ ነበር። አባቱ ከጉራጌ አገር ጨርቅ ይዘው መጥተው እዚህ ወላይታ ሶዶ የቀሩ ናቸው፤ እሱ እዚሁ ተወልዶ ወላይትኛውን ከእኔ አሳምሮ ይናገራል። ዱባይ የምትነግድ የአክስት ልጅ ስላለችው ደህና ዕቃ የሚገኘው እሱ ጋ ነው። የሚመጣውን ሄድፎን በስንት እንደሚሸጥልኝ ጠየቅኩት። እጁ ያልገባ ዕቃ ዋጋ እንደማይጠራ ነገረኝ። የአባቱ ሕግ ነው፤ ዋጋ ቃል ነው፣ ቃል ደግሞ ዕቃው ሳይያዝ አይወጣም ይሉ ነበር።

እዚህ ላይ መተው ነበረብኝ። አመል ግን መቼ ይተዋል፤ በየማክሰኞው ከሥራ ስወጣ ጎራ ማለት ጀመርኩ። ዶላሩን እጠይቀዋለሁ፣ ቀረጡን እጠይቀዋለሁ፣ የአክስቱን ልጅ ጤና እጠይቀዋለሁ። ደንበኛ ካለ ጥግ ቆሜ እጠብቃለሁ። በሐምሌ አጋማሽ ዝናብ ሱቁ ውስጥ ዘግቶብን ሳለ ሰለቸውና አንድ ዋጋ ከአፉ አመለጠው። ከዚያማ ማን ይቻለኝ። ፊቴን አጨፈገግኩ፣ ጃንጥላዬን ዘርግቼ ዝናቡ ውስጥ ወጣሁ። አሥር እርምጃ ሳልርቅ ጠራኝና ቀነሰ። እንደገና ወጣሁ፣ እንደገና ቀነሰ። በመጨረሻ እጅ ተማታን። እሱም እኔም በዓይናችን ባላየነው፣ ገና ይፋ ባልሆነ ዕቃ ላይ ተከራክሬ ረታሁ። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" የሚለውን ተረት ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ እኔ ግን ከዚያች ላም ቅቤ አውጥቼ ዋጋ አስቀንሼ ነበር።

ቅዳሜ ለማኅበርተኞቼ ነገርኳቸው። ገንዘባችንን የሚይዙት የሁላችን ታላቅ፣ በወጣትነታቸው ቦምቤ ገበያ ቅቤ ይነግዱ የነበሩ እናት ናቸው። አዬ እንላቸዋለን፤ በወላይትኛ እናቴ እንደማለት ነው። ባለቤታቸው ከኳየሩ ቤዝ ዘማሪዎች አንዱ ናቸው። እኔ ያሰብኩት የራሴን ድርሻ ብቻ ለመጠየቅ ነበር፤ ሴቶቹ ግን ቀድመውኝ ነገሩን ጨረሱት። የዘንድሮ ቅቤ በግማሽ ይሁን፣ ዕቃውም ተገዝቶ የኳየሩ ይሁን ተባለ። ለአንድ የወላይታ ሴት በጊፋታ ቅቤ አጉድላ ለመቅረብ መስማማት ቀላል ነገር አይደለም። አዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ዕቃውን ቀምሼው እንደሆነ። ገና እንዳልመጣ ነገርኳቸው። የገንዘቡን ከረጢት መልሰው ቋጠሩት።

በነሐሴ መጀመሪያ ዋጋው ይፋ ሆነ። ቢሮ ውስጥ የስብሰባ ጥሪ እየጻፍኩ ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ከፍቼ አያለሁ። የተጠራው ዋጋ ሁሉም ከገመተው ያነሰ ነበር። ከደስታዬ ብዛት የስብሰባውን ቀን አሳስቼ ጻፍኩ፤ ግማሹ ሰው በማግስቱ መጣ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ፍሬ ሄድፎን ሶዶ ገባ። ባለሱቁ ደውሎ ሲጠራኝ ድምፁ ደስ አይልም ነበር። እሽጉን ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ የገዛበትን ነገረኝ። በስልኬ ያየሁት ዋጋ የዚያ አገር ዋጋ ነው። መጀመሪያ የወጡትን የሚሻሙ ነጋዴዎች ጨምረውበታል፣ ቀረጥ አለ፣ ዶላሩም የሐምሌው ዶላር አይደለም። ድምሩ እጅ የተማታንበት ዋጋ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ጮህኩበት። ቃል የለህም አልኩት። አባትህ ይህን ቢሰሙ ምን ይላሉ አልኩት። ይህን ማለት አልነበረብኝም፤ ፊቱ ጠቆረ።

"አባቴ ቢሰማ የሚቆጣኝ ዋጋውን በመጥራቴ ነው" አለኝ። "በዚያ ዋጋ ከሸጥኩልሽ ግን ሱቁን እዘጋለሁ።"

እውነቱን ነበር። ከአፉ ያወጣሁበት እኔ ነኝ። የዘጠኛችን የዓመት ቅቤ በሙሉ ተጨምሮ እንኳ የማይደርስበት ዋጋ ነው። መዝሙሮቹ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ፣ የዕቃ ቤቷን ቁልፍ ሳስረክብ እየታየኝ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ አዬ አብረውኝ ሱቁ ድረስ ሄዱ። ተከራክረው ሊረቱልኝ መስሎኝ ልቤ ሞቅ ብሎ ነበር። እሳቸው ግን ስለ ዋጋው አንድ ቃል አልተነፈሱም። በርጩማው ላይ ተቀምጠው ካርቶኑን አገላብጠው አዩና ወደ ባለሱቁ ዞሩ።

"ቅቤ ሳይቀመስ ይገዛል እንዴ?" አሉት። "ክፈት ልጄ፣ ትቅመሰው።"

እሽግ ካርቶን ከተከፈተ እንደ አዲስ አይሸጥም። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። አዬ አያውቁም፤ እሳቸው ዘንድ ኮባ ተገልጦ፣ ተቀምሶ፣ መልሶ ይጠቀለላል። ነገሩን ላስረዳቸው አፌን ስከፍት ባለሱቁ ምላጭ አንስቶ ማሸጊያውን ቆረጠው።

"በዋጋው ቃሌን መጠበቅ አልቻልኩም" አለኝ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ። "ቢያንስ ስሚበት።"

ለአክብሮት መጀመሪያ አዬ ጆሮ ላይ አደረግኩና ከሁለት ዓመት በፊት የሠራሁትን መዝሙር ከፈትኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲያወልቁት ተገርመው ነበር።

"ሽማግሌዬ የት አለ?" አሉኝ። "ዘምሬያለሁ ብሎኝ ነበር እኮ።"

ተቀብዬ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። እውነትም የሉም። ቤዞቹ ከግድግዳ ጀርባ ያሉ ያህል ርቀው ይንሾካሾካሉ። ሰው ሁሉ ሲነግረኝ የከረመውን ጥፋት ያን ጊዜ በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት፤ አፈርኩ። ከቦርሳዬ ውስጥ ያንን በፕላስተር የታሰረ ሄድፎን አውጥቼ እያሳየሁ፣ በዚህ ሲሰማ ግን እንዳሉ፣ እንዲያውም እንደሚበዙ ለአዬ ነገርኳቸው። ተቀብለው በሁለቱም ደጋግመው ሰሙበት።

"ቦምቤ ላይ የተጣመመች ሚዛን ነበረችኝ" አሉ። "ሚዛን ስትዋሽ ሁልጊዜ እኩል ነው የምትዋሸው። ስንት እንደምትዋሽ ካወቅሽ ከደህናዋ በምን ታንሳለች?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ ስወጣ ወደ ሱቁ ነበር የምሄደው። በቻርጀሮችና በስልክ ሽፋኖች መካከል በርጩማው ላይ ተቀምጬ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አደርጋለሁ። አንዱን መዝሙር በአዲሱ እሰማለሁ፣ ያንኑ በአሮጌው እሰማለሁ፣ ልዩነቱን በደብተር እጽፋለሁ። እዚህ ላይ ያሳብጣል፣ እዚህ ላይ ይውጣል፣ የሴቶቹን ድምፅ ጫፍ ያሾላል። ባለሱቁ ደንበኞቹን ድምፃችሁን ቀንሱ ይላቸው ነበር። ዋጋ የሚጠይቁ ብዙ ነበሩ፤ ሥራ ላይ ነው ይላቸዋል። ቅዳሜ ዕቃ ቤቷ ውስጥ በአሮጌው ስሠራ ደብተሩን መግለጥ አላስፈለገኝም። ውሸቱን በቃሌ ይዤዋለሁ።

ጊፋታ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው በሰብሳቢው መኪና ውስጥ ተቀምጠን አሥሩንም ሰማን። በመጀመሪያው መዝሙር ሁለተኛ ስንኝ ላይ ወንዶቹ ገቡ፤ የመኪናው በር ሲነዝር ተሰማኝ። ሰብሳቢው እስከ አሥረኛው አዳመጡ። ከዚያ የሚቀጥለውን ቀረጻ መቼ እንደምጀምር ጠየቁኝ። አዲስ አበባን አላነሱም። እኔም አላስታወስኳቸውም።

ቅቤውን ሙሉውን ከቢጠና ገዛን፤ ተከራክሬ ረታሁ፣ እሱማ የት ይቀራል። በጊፋታ አዬ ቤት ተሰብስበን ሙቹዋ ስንበላ ባለቤታቸው በስልካቸው መዝሙሩን ከፈቱ። አዬ ጥቂት አዳመጡና፣ እውነትም ዘምሯል ብለው ትልቁን ቁራሽ ሰጧቸው።

ከበዓሉ በኋላ ባለችው የመጀመሪያ ቅዳሜ ማኅበራችን አዲሱን ዓመት ሲጀምር አዬ ሁለት ከረጢት ይዘው መጡ። አንዱ የቅቤው ነው፤ ሁለተኛው የጆሮ ነው አሉን። ይህንን ለባለሱቁ ልነግረው ሰኞ ሄድኩ። ሄድፎኑ የመስታወት መደርደሪያው ውስጥ ነበር፤ የተከፈተው ካርቶን ሥሩ ተቀምጧል፣ ላዩ ላይ "ተይዟል" የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ዋጋ አልተጻፈበትም። ስለ ሁለተኛው ከረጢት ስነግረው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፤ ከረጢቱ ሲሞላ ስለ ዋጋው እንነጋገራለን አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። የልማዴ ጥያቄ ምላሴ ላይ ነበር። የአክስቱን ልጅ ጤና ጠይቄው ወጣሁ።