በሴቶች በር

ጎባ ውስጥ፣ ቅዳሴው በኦሮምኛ በሚቀደስበት እሁድ፣ ከወንዶቹ ጋር የማይቆሙ አንድ ሽማግሌ አሉ። ከሴቶች በር አጠገብ ግንቡን ተደግፈው ይቆማሉ። ያረጀ ካፖርታቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል፤ እጅ ያለሰለሰው መቋሚያቸው ዕድሜያቸውን በግዕዝ ሲያዜሙ የኖሩ ሰው መሆናቸውን ይናገራል። ካህኑ «ዋቀዮ» ብሎ አምላክን በጠራ ቁጥር፣ ስማቸው የተጠራ ይመስል ደንገጥ ይላሉ።

አጠገባቸው የቆመችው ረድኤት አላስቻላትም። «አባባ፣ የወንዶቹ በር በዚያ በኩል ነው» አለቻቸው በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ ልጄ። ባለቤቴ እዚህ ነበር የምትቆመው፤ ያኔ ቅዳሴው በግዕዝ ብቻ ነበር። ከነጠላዋ ሥር ‹ዋቀዮ› ትላለች ብለው ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ቤት ገብቼ፣ እግዚአብሔር በኦሮምኛ አይሰማሽም አልኳት።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ ስትጸልይ አልሰማኋትም።»

ካህኑ ደግሞ «ዋቀዮ» አለ፤ ሴቶቹ በአንድ ድምፅ ተቀበሉት። ሽማግሌውም ሊሉት አፋቸውን ከፈቱ። ያ ሁሉ ዜማ የወጣበት አፍ ይህችን አንዲት ቃል ማውጣት አቃተው። ጆሯቸውን ወደ ሴቶቹ አዘነበሉና፣ ከዚያ ሁሉ ድምፅ መሃል አንዱን ይፈልጉ ጀመር።