ለክረምት የፈለጥነው እንጨት

እኔና ባለቤቴ ጎሮ ቤት ሠርተን ስንገባ ከጓሯችን ጀምሮ እስከ ወንዙ ድረስ ባሕር ዛፍ ነበር። የዛፉ ባለቤት ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። መሬታቸው ለቤት መሥሪያ እየተሸነሸነ አልቆ ያቺ ቁራሽ ብቻ ቀርታቸዋለች። ባለቤቴ በገባን ሰሞን አጥር ሲያጥሩ አግኝቷቸው አብሯቸው ሲሠራ ዋለ። ከዚያ ወዲህ የደረቀውንና ንፋስ የጣለውን እየቆረጥን እንድንወስድ ፈቀዱልን።

መብራት በየጊዜው ይጠፋል፤ የጋዝ ሲሊንደር ለማስሞላት ሰልፉ አይቀመስም። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት የእንጨት ሰዓታችን ሆነ።

"እንጨት እኮ በየመንገዱ ይሸጣል፤ ለምን እንደክማለን?" እለው ነበር መጀመሪያ ላይ።

"የሚሸጠው እርጥብ ነው፤ ዓይንሽን ነው የሚያጠፋው" ይለኛል።

ይህ ሰበብ ነው። ሥራውን ይወደው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ አውሮፕላን ማረፊያው ጭነት ክፍል ውስጥ ካርቶን ሲያነሳና ሲጥል የሰነበተ ሰው፣ ቅዳሜ መጥረቢያውን ይዞ ሲወጣ ፊቱ ይፈታል። ያፏጫል።

ግንድ የምንቆርጠው ከሁለት ጫፍ በሚጎተት ረጅም መጋዝ ነው። እኔ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ከወረቀት ሌላ ነገር ይዤ አላውቅም። መጀመሪያ ቀን መጋዙን ወደ እሱ ስገፋው ተጣመመና ግንዱ ውስጥ ተቀረቀረ።

"አትግፊ" አለኝ እየሳቀ። "ወደ ራስሽ ሳቢና ልቀቂው። የቀረውን እኔ እስበዋለሁ።"

ለመድኩት። በኋላማ ሳንነጋገር መቁረጥ ጀመርን። አንድ ጊዜ እሱ ግንድ በትከሻው፣ እኔ ጭራሮ በጀርባዬ ተሸክመን አስፋልቱን ስንሻገር የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ መኪናዋን አቁማ "አንቺ ነሽ?" አለች። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። እሱ ግን ከነሸክሙ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላትና "ሠርግ ስላለብን ነው" አላት። የማን ሠርግ እንደሆነ ሳትጠይቅ ሄደች። ቤት እስክንደርስ እየሳቅን ሸክሙን ሁለት ጊዜ ጣልነው።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሳይገባ ንፋስ አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ጣለ። ሽማግሌው "ከነቅርንጫፉ ውሰዱት" አሉን። ግንቦትን ሙሉ ቅዳሜም እሑድም ስንቆርጥ፣ ስንሸከም፣ ስንፈልጥ ከረምን። በዚያ መሃል ግራ ትከሻዬን ያመኛል ማለት ጀመረ። ሁልጊዜ የሚሸከመው በግራው ነው። ማታ ማታ ቅባት አሙቄ አሸዋለሁ።

"ቀስ በል እንጂ፣ ለማን ብለህ ነው?" አልኩት አንድ ቀን።

"ትንሽ ነው የቀረው። ይሄ ካለቀ ክረምቱን ቁጭ ብለን መሞቅ ነው።"

ለእኔም ለእሱም ከሸክሙ በቀር ሌላ ነገር አልታየንም። ፍልጡን በቤቱ ግድግዳ ልክ ደረደረው፣ ላስቲክ አለበሰው፣ ራቅ ብሎ ቆሞም አየው። በሳምንቱ፣ ጠዋት ለሥራ ሲዘጋጅ፣ የጫማውን ክር እያሰረ ወደ ፊት ተደፋ። ስሙን እየጠራሁ ቀና ሳደርገው ላብ አጥምቆታል። ሐኪም ቤት ስንደርስ አልፏል። ልብ ነው አሉኝ። የትከሻውን ነገር ስነግራቸው ሐኪሙ አንገቱን ደፋ።

ድንኳን ተተከለ። የዕድሩ ሴቶች ብረት ድስታቸውን ይዘው መጡ። እኔ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ሰው ሲገባ ሲወጣ አያለሁ፤ የሚሉኝ ግን አይሰማኝም። ከጓሮ የመጣው ድምፅ ግን ተሰማኝ። ፍልጥ በፍልጥ ላይ ሲወድቅ ድምፁን አውቀዋለሁ። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፤ በባዶ እግሬ ወጣሁ። ላስቲኩ ተገፏል። ሴቶቹ በክንዳቸው እየታቀፉ ወደ ንፍሮው ጉልቻ ይወስዳሉ።

"ተዉት!" ብዬ ጮህኩ። "የክረምት ነው! ለክረምት ነው ያለው!"

ሁሉም ባሉበት ቆሙ። ጎረቤታችን፣ የመቀሌ ሰው ናቸው፣ እንደ እናት የማያቸው፣ መጥተው አቀፉኝ። "ጓለይ፣ ልጄ፣ እሺ፣ አይነካም" አሉኝ። በነጠላቸው ፊቴን ጠርገው ወደ ድንኳኑ መለሱኝ። ከዚያም እንጨቱ ነደደ። ምን ያድርጉ? ለቀስተኛው ብዙ ነው፣ ሌላ ማገዶም የለም። ሠልስቱ ሲወጣ ግድግዳው ሥር የቀረው ቅርፊት ብቻ ነበር።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ባለ አንድ ቀን፣ ከዩኒቨርሲቲ ለቀብር መጥታ አብራኝ የቀረችውን ልጄን "ነይ እንጨት እንቁረጥ" አልኳት። "እማ፣ ኤሌክትሪክ ምድጃ እንግዛ" አለች፤ ፊቴን ስታይ ግን ቦቲዋን አጠለቀች።

ጭቃው ያንሸራትታል። መጋዙን ገና እንዳስገባን ልጄ ገፋችው፤ ተጣመመ። እንዴት እንደሚሳብ ልነግራት ብዬ እጀታውን ለቀቅኩት። ግንዱ ላይ ተቀመጥኩ። እሷም አጠገቤ ተቀመጠች።

ሽማግሌው ከታች በኩል ዱላቸውን እየተደገፉ መጡ። ታመው ቢሾፍቱ ልጃቸው ዘንድ ከርመው መመለሳቸው ነው።

"እንዴት ከረማችሁ? ያ ሰውዬስ ዛሬ ሰነፈ?" አሉ እየሳቁ።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። ጥቁር ልብሴን ያዩት ያኔ ነው።

"አረፈ፣ አባባ" አልኳቸው። "ሰኔ ላይ።"

ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዝናቡ እንደገና ጀመረ፤ መልሰው አላደረጉትም። "እኔ ሽማግሌው ድኜ?" አሉ፤ ደግመው "እኔ ድኜ?" አሉ። ከዚያ ዱላቸውን ዛፍ ላይ አስደግፈው የመጋዙን አንድ ጫፍ ያዙ። "ይተዉት፣ ገና ከሕመም መነሳትዎ ነው" ብላቸው አልሰሙኝም። ትንሽ እንደሳቡ ትንፋሽ አጠራቸው። ልጄ እጃቸውን ቀስ ብላ አስለቅቃ ቦታውን ያዘች። እሳቸውም እጇ ላይ እጃቸውን ጭነው እንዴት እንደሚሳብ አሳዩዋት።

የዚያን ቀን የወሰድነው ትንሽ ነው፤ እርጥብም ነበር። ክረምቱን በጭስ ከረምን። ልጄ ኩሽና ገብታ "እማ፣ ዓይንሽ ቀላ" ስትለኝ "ጭሱ ነው" እላታለሁ። ታምነኝ አታምነኝ አልጠየቅኋትም።

መስከረም ላይ የመንደሩ ሰው ደመራ ሲያቆም ከየቤቱ ችቦ የሚያወጣው አባወራው ነው። የእኛን ልጄ ይዛ ወጣች። እኔ ከበሩ አላለፍኩም። ሲቀጣጠልና ሰዉ ሲዘፍን ይሰማኛል። ስትመለስ ግንባሯ ላይ አመድ ተቀብታለች። እራት አቀረብኩላት፣ በላች፤ ስለ ትምህርት ቤቷ አወራችኝ። በሳምንቱ አውቶቡስ ተራ ሸኘኋት። ጎሮ ስመለስ መብራት ጠፍቷል፤ ለአንድ ሰው እሳት ማንደድ አቅቶኝ ዳቦ በልቼ ተኛሁ።