ሳይሞላ የማይነሳው አውቶብስ

ወደ መንደራችን ወደ ድሬ ጠያራ አውቶብስ ከመግባቱ በፊት፣ የታመመ ሰው ሐረር የሚወርደው በቃሬዛ ነበር። ስምንት ወንድ ይወጣል፤ አራቱ ሲሸከሙ አራቱ እየተከተሉ ይቀያየራሉ። ጥሪ አይጠበቅም። ሰምቶ የቀረ በጀመዓው፣ በመንደሩ ሰው ፊት ቀና ብሎ አይሄድም።

አውቶብስ የምንለው ያረጀ ቅጥቅጥ ነው። የመጣ ቀን ሴቶቹ እልል ሲሉ እኔ ጮቤ ረገጥኩ። ከተማ ተምሬ የተመለስኩ አስተማሪ ነኝ፤ ቃሬዛ ያሳፍረኝ ነበር።

አባቴን ሆዳቸውን የቆረጣቸው በገበያ ማግስት ንጋት ላይ ነው። ጠዋት በሩን ስከፍት ወሬውን የሰሙ ስምንት ሰዎች ቃሬዛቸውን ይዘው ቆመዋል።

«አሁን ከተነሳን ፀሐይ ሳይበረታ እናደርሳቸዋለን» አሉኝ ሽማግሌው ጎረቤታችን።

«ምን ያደክምዎታል አባባ? አውቶብስ እያለ በሸክም?»

አባቴን አይተው ጥቂት አመነቱ። «እንግዲህ አንተ ተምረሃል። አላህ አፊያ ያድርጋቸው» አሉና ሁሉም ወደየማሳቸው ሄዱ።

የገበያ ቀን ቢሆን ሐረር ጊደር መጋላ ገበያ የሚሄዱት ነጋዴ ሴቶች መኪናውን ባንድ አፍታ ይሞሉት ነበር። ያን ዕለት ግን ከእኛ ሌላ የተሳፈረው ሦስት ሰው ነው። ሾፌሩ ክፉ አልነበረም። አባቴን ረጅሙ ወንበር ላይ አስተኛልኝ፤ ሰው ቶሎ እንዲመጣ ሞተሩን አስነስቶ ጥሩንባውን ደጋግሞ ነፋ።

«በአላህ፣ እንሂድ» አልኩት።

«ወንድሜ፣ ሳይሞላ ከሄድኩ ባለቤቱ ቁልፉን ይቀበለኛል። ትንሽ ታገስ፣ ይመጣሉ።»

አንድ ሰው መጣ። ከዚያ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ማንም የለም። የባዶውን ወንበር ሁሉ ልክፈል ብል ኪሴ አይችልም። ሰዎቹን ሮጬ ልጥራቸው? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነብኝ። በጠዋት «አውቶብስ እያለ» ብዬ የመለስኳቸውን ሰዎች በረፋድ «ተሸከሙልኝ» ማለት ሞት መሰለኝ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፤ ትዕቢት ነው። አሁን ይሞላል፣ አሁን ይሞላል እያልኩ ተቀመጥኩ።

ወንበሩ በሞተሩ ይንቀጠቀጣል። አባቴ ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጄን ፈለጉ።

«ደረስን እንዴ ልጄ?»

«አዎ አባ፣ እየደረስን ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። የመጨረሻ ቃላቸው ይህ ሆነ። መኪናው ገና ከመንደራችን አልተነሳም ነበር።